አራት ጣት ስፋት

ልክክ ልትፈታው የተነሳችው ችግር ሲያወሩት ያስቃል፤ ደጅ መቆም ነው። መሮጥ አይደለም፣ ተራራ መውጣት አይደለም፣ መቆም ብቻ። ልጇ በረዶ ላይ ስትንሸራተት ከዳር ሆኖ መመልከት፣ «አየሁሽ! በርቺ!» ማለት፣ ስትወድቅ ማንሳት። የትኛዋም እናት የምታደርገው ነገር ነው። ልክክ ግን ወጥታ ሻይ የሚፈላበትን ያህል እንኳ ሳትቆይ ጣቶቿ እንጨት ይሆናሉ፣ ከንፈሯ ይደነዝዛል፣ ከዚያም ሳታስበው አንዲት ቃል ታመልጣታለች። «እንግባ።»

ልጅቷ ያቺን ቃል ጠልታታለች። ስለዚህ ደጅ ስትወጣ የምትጠራው እናቷን ሳይሆን ሌላ ሴት ነው።

ወደ ሌላዋ ሴት ከመሄዴ በፊት ልክክን ላስተዋውቃችሁ። ልክክ የወላጆቿ ስም አይደለም። ልብስ ሰፊ ናት፤ መቀስ ይዛ ያደገች። እሷ የሰፋችው ልብስ ገላ ላይ ሲቀመጥ ትርፍ የለው፣ ጉድለት የለው፣ ልክክ ነው የሚለው። ስሙን ደንበኞቿ አወጡላት፣ እሷም ወደደችው። መንገድ ላይ ሰው ስታገኝ መጀመሪያ የምታየው ትከሻውን ነው፤ ፊቱ በኋላ ይደርሳል። እጅጌው የረዘመበት ሰው ካየች ያማታል። «ይሄ ሰውዬ ዘመድ የለውም?» ትላለች፤ ከልቧ ነው የምትጠይቀው።

ባሏ የአውቶቡስ መካኒክ ነው። ሥራ ያገኘው እዚህ ብርዳም ከተማ፣ ሐይቁ ጠጥሮ ሰው በሚሸከምበት አገር ነው። ልክክ የታመሙ እናቷን ማስታመም ስለነበረባት በሞቃቱ ከተማ ቀረች፤ ልጅቷ ግን ትምህርቷ እንዳይስተጓጎል ከአባቷ ጋር ቀደመች። ሁለት ክረምት ተለያዩ። በእነዚያ ሁለት ክረምቶች ልጅቷን ያበጠረቻት፣ ያለበሰቻት፣ በረዶ ላይ ወድቆ መነሳትን ያስተማረቻት የባሏ ታናሽ እህት ናት። አክስት የምትኖረው እዚያው ሕንፃ ላይ፣ ከእነሱ በላይ ባለው ፎቅ ነው፤ በመዋዕለ ሕፃናት ወጥ ቤት ትሠራለች፤ ሳቋ ከእግሯ ቀድሞ ደረጃውን ይወርዳል።

ልክክ በመጣችበት ዕለት አውቶቡስ ጣቢያው ላይ የሆነውን እስካሁን አልረሳችውም። ልጅቷ ሮጣ መጥታ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች፣ ሳመቻት፣ ደግማ ሳመቻት። ከዚያ ብርዱ አፍንጫዋን ሲያፈስሰው ዞር ብላ «አክስቴ፣ መሐረብ» አለች። ልክክ መሐረብ በእጇ ይዛ ነበር።

አክስት መሐረቡን የመዘዘችው ከአንድ ሰፊ ኮት ኪስ ውስጥ ነው። ኮቱ የወንድሟ፣ ማለትም የልክክ ባል አሮጌ ኮት ነበር። ትከሻው እስከ ክንዷ ወርዷል፣ እጅጌው ተጠቅልሎ ተሰፍቷል፣ የታች ጫፉ ዙሪያውን በላስቲክ ተሰብስቧል፤ መሐሉ ሌላ ሰው ያስገባል። ልክክ በልቧ ስም አወጣችላት፤ ድንኳን። ስሙን ለራሷ ብቻ ይዛው ከርማ አንድ ቀን እራት ላይ «ድንኳንዋ መጣች» ብላ አመለጣት። ባሏ ሳቁን በጉሮሮው ዋጠው፤ ልጅቷ ግን አልሳቀችም።

ከዚያ ወዲህ ቅናቱ ቤት ሠርቶ ተቀመጠ። ልክክ ሰውን ስትለካ የምታውቀው ጥንቃቄ አላት፤ ቅናቷንም በዚያው ጥንቃቄ ነበር የምትይዘው። የልጅቷን የጃኬት ዚፕ ማን ዘጋው? ከትምህርት ቤት ስትመለስ ዜናውን መጀመሪያ ለማን ነገረች? ልጅቷ ስለ በረዶ የምታወራበት ቃል ሁሉ የአክስቷ ነው። ለስላሳውን «ዱቄት» ትለዋለች፣ የሚያዳልጠውን «መስታወት» ትለዋለች። እናት የልጇን ቋንቋ አስተርጓሚ ይዛ የምትሰማ መሰላት።

በዚህ ላይ ብርዱ ራሱ ያታልላል። ይህን ላስረዳ፣ ምክንያቱም አዲስ መጤን ሁሉ የሚጥለው እዚህ ላይ ነው። ልክክ ባደገችበት ከተማ ፀሐይ ወጣች ማለት ሞቀ ማለት ነው። እዚህ ግን በክረምት ሰማዩ ጥርት ብሎ ፀሐይዋ ስታንጸባርቅ ያን ቀን ነው ብርዱ የሚነክሰው። ደመና ለምድር እንደ ብርድ ልብስ ነው፤ ማታ ተገልጦ ካደረ ሙቀቱ ሁሉ ወደ ላይ ያመልጣል። ልክክ ይህን ማን ይንገራት? የትምህርት ቤቱ የመጀመሪያ ሽርሽር በደረሰ ጊዜ በመስኮት አየችና «እሰይ፣ ፀሐይ ነው!» ብላ ተነሳች።

ሽርሽሩ እንዲህ ነው፤ ልጆቹ በአውቶቡስ ወደ ሐይቁ ይሄዳሉ፣ ዛፎቹ መሐል በእግር ይዞራሉ፣ በጠጠረው ውሃ ላይ ይንሸራተታሉ። እያንዳንዱ ልጅ አንድ ትልቅ ሰው ይዞ ይመጣል፤ ትልቁ ሰው ከደከመው ወይም ከበረደው ልጁም አብሮት ወደ አውቶቡሱ ይመለሳል። በዚያ ጊዜ ልክክ አዲስ መጤ ስለነበረች ተራው ያለ ክርክር ለእሷ ሆነ። ለዚያች ቀን ኮት ሰፍታ ነበር። ጥቁር ሰማያዊ፣ ወገቡ የተያዘ፣ ትከሻው በመርፌ የተሳለ የሚመስል ኮት። ከውስጥ ሁለት ሹራብ ደረበች፤ እንዳይሰፋባት ደግሞ ኮቱን በሹራቦቹ ላይ አጥብባ ሰፋችው። እግሯ ላይ ሦስት ካልሲ አድርጋ ጫማው ውስጥ በግድ ከተተችው። ሌሎቹ ወላጆች እያዩ አደነቋት። ልጅቷም እጇን ይዛ ስትሄድ ቀና ቀና ትል ነበር።

ሐይቁ ላይ ሳይደርሱ የልክክ ጥርስ ይንገጫገጭ ጀመር። ጣቶቿን ስታንቀሳቅስ አልሰማ አሏት። «የኔ ማር፣ እንግባ» አለች። ልጅቷ ሐይቁን አየች፣ እናቷን አየች። ሁለቱ አውቶቡሱ ውስጥ ተቀምጠው ቀሩ። ልጅቷ ፊቷን መስታወቱ ላይ ለጥፋ ጓደኞቿ ሲንሸራተቱ አየች፤ ትንፋሿ መስታወቱን ሲያደበዝዘው በእጅጌዋ እየጠረገች። ሲመለሱ መንገድ ላይ ቀስ ብላ ተናገረች።

«እማዬ፣ አትዘኚ እሺ? በሚቀጥለው ከአክስቴ ጋር ብሄድስ? አንቺን ይበርድሻል።»

የሚቀጥለው ሽርሽር የዓመቱ መጨረሻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሐይቁ ይሟሟል። ልክክ ቤት ስትደርስ ኮቱን ሰቅላ እያየችው ቆመች። አንድም ስህተት አላገኘችበትም። እንከን የሌለው ኮት ነው፤ ሆኖም አላሞቃትም። ያቺ በድንኳን የምትዞረው ደግሞ ቀኑን ሙሉ ደጅ ውላ ጉንጯ እንደ ቲማቲም ቀልቶ፣ እየሳቀች ነው የምትመለሰው። ሰው የሚያምረውን ለብሶ በማያምረው ይቀናል? ልክክ ቀናች።

ለሳምንታት ሞከረች። ሦስተኛ ሹራብ ጨመረች፤ ባሰባት። ጠባብ ጓንት ላይ ጠባብ ጓንት ደረበች፤ ጣቶቿ ቶሎ ደነዘዙ። ባሏ ከሥራ ሲመጣ ሕንፃው ኋላ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ስትንቀጠቀጥ ያገኛታል።

«ምን ሆነሻል አንቺ ሴት? ቁልፍ ጠፋብሽ?»

«እየተለማመድኩ ነው።»

«ምኑን?»

«ብርዱን ነዋ!»

«ብርድ ይለመዳል እንዴ? እኔ እዚህ ስንት ጊዜዬ ነው፣ ሞተር ሥር ገብቼ ነው የምሞቀው» ብሎ ክንዷን ይዞ አስገባት።

ታሪኩ የዞረው አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። አክስት ጨርቅ ታቅፋ ወረደች። ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ወፍራም ሱፍ ነበር።

«እትዬ፣ ሥራ በዝቶብሻል?»

«አልበዛብኝም፣ ግቢ። ጫማሽን ግን አራግፊ።»

«እሺ እመቤቴ!» ብላ አራገፈችና ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። «ኮት ስፊልኝ። ልክ እንዳንቺው። ወገቡ የተያዘ፣ ልክክ ያለ።»

«አንቺ? ያንን ኮትሽን ትተሽ?»

«ድንኳኑን በይ፣ አትፈሪ። ልጅቷ ነግራኛለች።» አክስት ሳቀች፤ የልክክ ፊት ግን ጋለ። «እውነትሽን እኮ ነው። የወንድሜን ውራጅ ለብሼ ስዞር ሰው ምን ይለኝ ይሆን እያልኩ ነው የከረምኩት። ለሽርሽሩ ይድረስልኝ እንጂ ሌላ አልልሽም።»

ለሽርሽሩ! ልጅቷ ያኔ «ከአክስቴ ጋር» ብትልም፣ ማንን እንደምትወስድ ገና ቁርጡን አልተናገረችም። «ቀኑ ሲደርስ እነግራችኋለሁ» ብላ ሁለቱንም አንጠልጥላቸዋለች። ይቺ ግን ከወዲሁ የሽርሽር ልብስ ታሰፋለች። ልክክ ሜትሩን አንገቷ ላይ አድርጋ ደረቷን፣ ወገቧን፣ ክንዷን ለካቻት፤ ሜትሩን ሳብ ሳታደርገው አልቀረችም።

«ኧረ ቀስ፣ ነፍስ አለኝ!» አለች አክስት። አሮጌውን ኮት «ኪሱን ከዚህኛው ቅጂ፣ ሰፊ ኪስ እወዳለሁ» ብላ ትታው ወደ ላይ ወጣች።

ልክክ ቆሻሻ ልትጥል ስትነሳ የራሷን ኮት ከቁም ሳጥኑ ለማውጣት ታከታትና ወንበሩ ላይ ያለውን አሮጌ ኮት ጣል አደረገች። ቆሻሻውን ጣለች። የሕንፃው ዘበኛ አገኛትና ስለ ሚስቱ የወገብ ሕመም ያወራት ጀመር። ዘበኛው ካወራ አያቆምም። ስለ ሐኪሙ ነገራት፣ ስለ ቅባቱ ነገራት፣ ስለ አማቱ ነገራት። ልክክ አማቱ ላይ ሲደርስ ድንገት ደነገጠችና አቋረጠችው።

«ይቅርታ ጋሼ፣ እየበረደ ነው?»

«ምን ጥያቄ ነው ልጄ? ይኸው ጢሜ ላይ በረዶ ቋጠረ!»

እሷን አልበረዳትም። ሮጣ ገባች፣ ኮቱን አውልቃ ገበሩን ገለበጠችው። ተራ ጨርቅ። ከእሷ ሱፍ የሚበልጥ ነገር የለውም፤ እንዲያውም ብብቱ ላይ ሳስቷል። እንግዲህ ምኑ ነው? መልሳ ለበሰችውና እጇን በኮቱና በጎኗ መሐል አስገባች። አራት ጣቷ ተደርድሮ ገባ። የራሷን ኮት ለበሰችና ሞከረች፤ አንድ ጣት እንኳ እምቢ አለ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፣ ነገሩ ይገርማል። ጨርቅ በራሱ አይሞቅም። የሚሞቀው ገላችን ነው፤ የልብስ ሥራ ያንን ሙቀት እንዳይሄድ ማገት ብቻ ነው። ሙቀቱን በደንብ የሚያግተው ደግሞ ጨርቁ ሳይሆን በጨርቁና በጨርቁ መሐል ዝም ብሎ የቆመ አየር ነው። ሹራብ የሚያሞቀን በቀዳዳዎቹ አየር ስለሚይዝ ነው። ሹራቡን በጠባብ ኮት ጨምቁት፤ አየሩ ይወጣና የቀረው ክር ብቻ ይሆናል። ሦስት ካልሲ በጠበበ ጫማ ውስጥ ደሙንም ያግደዋል። ጓንትም እንዲሁ ነው፤ ጣቶች ለየብቻ ከሚታሰሩ አንድ ላይ ሰፋ ያለ ከረጢት ውስጥ ቢሆኑ እርስ በርስ ይሟሟቃሉ። ብቻ የስፋቱ አፍ መዘጋት አለበት፤ ከታች ነፋስ ከገባ የቆመው አየር ይሸሻል። የአክስት ላስቲክና የተጠቀለለ እጅጌ ሳታውቀው ይህን ሠርተውላታል። ልክክን ያበረዳት ብርዱ ብቻ አልነበረም፤ ሙያዋ ነበር። ትርፍ ሁሉ ስህተት ነው ብላ የተማረች እጅ ሙቀቱን ቆርጣ ስትጥለው ኖራለች።

አሁን ልክክ አንድ ነገር አወቀች፤ አክስት ይህን አታውቅም። አክስት ሙቀቷን የሰጣት የወንድሟ ውራጅ መሆኑን ሳታውቅ፣ በገዛ አፏ «ልክክ ያለ ስፊልኝ» ብላለች። የታዘዙትን መስፋት ምን ጥፋት አለው? ልክክ ወይን ጠጁን ሱፍ ዘርግታ በነጭ ጠመኔ መስመር አሰመረች፤ ገላዋን ተከትሎ፣ ወገቧ ላይ ገባ ብሎ፣ አንድ ጣት እንኳ ሳይተርፍ። እንዲህ ያለ የሚያምር መስመር ከዚያ በፊት አስምራ አታውቅም። እያሰመረች ታያት ነበር፤ ድንኳን ያለ ድንኳኗ ሐይቁ ዳር ቆማ፣ ከንፈሯ ጠቁሮ፣ ያቺ ሳቋ በጥርስ መንገጫገጭ ተበልታ። እንደ ማር ነው የጣማት። መቀሱን አነሳች።

መቀሱ ጨርቁን ሊነክስ ሲል ግን የሥዕሉ ቀሪ ክፍል መጣ። አክስት «እንግባ» ትላለች። ከዚያስ? ከዚያ ልጅቷ አብራት ወደ አውቶቡስ ትመለሳለች። ፊቷን መስታወቱ ላይ ትለጥፋለች። ትንፋሿን በእጅጌዋ ትጠርጋለች። ሐይቁም ለዘንድሮ ያበቃል። አክስትን ለማብረድ ልጇን ነበር የምትቀጣው።

ልክክ መቀሱን አስቀምጣ ጨርቁ ላይ እጇን ዘረጋች። «እንዴት ያለች ክፉ ነኝ» አለች ጮክ ብላ። ከዚያ የጠመኔውን መስመር በመዳፏ አራግፋ አጠፋችው። አዲሱን መስመር ከገላው አራት ጣት አርቃ አሰመረች፤ እያሰመረች ያማት ነበር፣ እጇ መስመሩን ወደ ውስጥ ሊያጥፈው ይጎትታታል። ቆረጠችው።

አክስት ልትለካው በመጣች ጊዜ መስታወት ፊት ቆማ ግራና ቀኝ ተገላበጠች። ሳቋ የለም።

«እትዬ፣ ይሄ ምንድነው?»

«ኮት ነው።»

«ጆንያ ነው! እኔ ያልኩሽ እንዳንቺው ነው። ላንቺ ልክክ፣ ለእኔ ጆንያ? እኔ እንዳላምር ነው አይደል? ቀንተሽብኝ ነው!»

ልክክ ወራት ሙሉ ስትቀና ማንም ሳይነግራት፣ ቅናቷን ባሸነፈችበት ቀን ተነገራት። ሳቅ አፈናት።

«ነይ ደጅ እንውረድ» አለች። «የእኔን ልክክ ልበሺ። እኔ ድንኳንሽን እለብሳለሁ። አግዳሚው ላይ እንቀመጣለን።»

«ለምን ብዬ?»

«ፈራሽ?»

አክስት ፈሪ አይደለችም። ሁለቱ ኮት ተቀያይረው ወጡ። ቀኑ ጥርት ያለ፣ ፀሐዩ ዓይን የሚወጋ ነበር። ልጅቷ ከሕንፃው ኋላ ካለችው ጉብታ ላይ በመንሸራተቻዋ ትወርዳለች፣ ትወጣለች። አክስት መጀመሪያ ኮቱን እየዳሰሰች «ታምሪያለሽ በይኝ» አለች። ቀጥላ እግሯን ማማታት ጀመረች። ቀጥላ ዝም አለች። ዝምታ የማታውቅ ሴት ናት።

«እትዬ…»

«ወዬ?»

«እንግባ።»

ልጅቷ ከጉብታው ሥር ሰማች። መንሸራተቻዋን ጥላ በሳቅ ተንከባለለች። «አክስቴ እንግባ አለች! አክስቴም እንግባ አለች!»

ልክክ የአክስትን እጅ ይዛ በኮቱና በጎኗ መሐል ያለውን አራት ጣት አስነካቻት፤ አየሩን ነገረቻት። አክስት ሰምታ ስትጨርስ ጥርሷ እየተንገጫገጨ «ታዲያ ዝም ብለሽ ልክክ አድርገሽ ብትሰፊልኝ ኖሮ…» አለችና አየቻት። ልክክ ወደ ጉብታው አየች። አክስት ገባት፤ ግን ነገሩን አለፈችው።

«እኔም እኮ አልተኛሁልሽም» አለች ዝቅ ብላ። «አንቺ ከመጣሽ ጀምሮ ልጅቷ ሌላ ወሬ የላትም። እናቴ ኮት ስትለብስ እንዲህ ናት፣ እናቴ ስትሄድ እንዲያ ናት። ሁለት ክረምት አፍንጫዋን የጠረግኩት እኔ ነኝ፣ የምታምሪው አንቺ።»

ቅናት በዚህ አለቀ ብዬ ብጽፍ እዋሻለሁ። አሁንም ልጅቷ ወደ ላይኛው ፎቅ ስትሮጥ ልክክን መርፌ ጣቷን ይወጋታል። አሁን ግን ሥራ አላት። አክስት ጆንያ አልለብስም ብላለች፣ ልክክም ጆንያ ሰፍታ ስሟን አታሰድብም። ስለዚህ ከውጭ ሲያዩት ልክክ ያለ፣ ከውስጥ ግን አራት ጣት የሚያስገባ ኮት ለመስፋት እየታገለች ነው፤ ሁለት ኮት፣ አንድ ለራሷ፣ አንድ ለአክስት። ትከሻው ተስተካክሏል፤ ትከሻ ላይ ስፋት አያስፈልግም። ያስቸገራት ወገቡ ነው። ቀበቶ አድርጋ ሞከረች፤ ቀበቶው አየሩን ጨምቆ አስወጣው። አሁን ከኋላ እጥፋት እየሠራች ነው፤ ከሩቅ ወገብ የሚያስመስል፣ ግን ገላን የማይነካ። የአክስትን ቀድማ ጀምራለች፤ የራሷን ካስቀደመች እጇን አታምነውም።

የሽርሽሩ ቀን እየቀረበ ነው፣ ልጅቷ አሁንም አልተናገረችም። ዛሬ ልክክ የወገቡን ስፌት ለሦስተኛ ጊዜ ተርትራ፣ ለጊዜው የተያዘበት ክር ከየጎኑ የተንጠለጠለበትን ኮት ለብሳ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። እጇን ጎኗ ላይ አስገብታ ትለካለች፤ ሦስት ጣት ገባ፣ አራተኛው እየታገለ ነው። ከላይ ፎቅ መስኮቱ ላይ አንድ ሰው እንዳለ ታውቃለች፤ ቀና ብላ አታይም።

«እማዬ» አለች ልጅቷ ከጉብታው አናት ላይ ሆና፣ «በረደሽ?»

«አርፈሽ ተንሸራተቺ» አለች ልክክ፣ አራተኛውን ጣቷን እየገፋች።